ስለ ድረ ገጽ አሠራርና ስለ ሥዕል አዘገጃጀት

ማንኛውም ጽሑፍ የሚጻፈው ሊነበብ ነው። ጸሓፊው ቃሉን አሳምሮ፣ ሥዕሉንም አስጊጦ ቢያቀርብ፣ ነገር ግን ከአንባቢው ዘንድ ሳይደርስ ቢቀር ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። ይህም በወረቀት ላይ ለሚታተመው ብቻ ሳይሆን በበይነ መረብ ለሚቀርበው ድረ ገጽም ያው ነው። እኔ ይህን የተማርሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከራሴ ጥፋት ነው። ስለዚህ ከእኔ በኋላ የኮምፒዩተር ክበባችንን ሥራ የሚረከቡ ታናናሾቼ ያንኑ ጥፋት እንዳይደግሙት በማሰብ፣ የማውቀውን ጥቂት ነገር በዚህ መጽሔት ላይ ለመጻፍ ተነሣሣሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥፋቴ ምን እንደ ነበረ

ባለፈው ዓመት የትምህርት ቤታችንን ድረ ገጽ የመሥራት ዕድል ለክበባችን ተሰጠ። እኔም የሥራው ኀላፊ ሆኜ ስለ ተመረጥሁ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ከጓደኞቼ ጋራ ሆነን የግቢውን ዛፎች፣ ቤተ መጻሕፍቱን፣ የእግር ኳስ ቡድናችንንም በእጅ ስልክ ፎቶግራፍ አነሣን፤ ከመካከላቸውም 9ኙን መርጠን፣ ምንም ሳንነካካቸው በመጀመሪያው ገጽ ላይ ደረደርናቸው። ከእነዚህም በታች ለክረምቱ የማጠናከሪያ ትምህርት የተመረጡትን ተማሪዎች ስምና የመመዝገቢያውን ቀን አኖርን። ስሙን አንድ በአንድ መጻፍ ስለ ሰለቸን፣ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ፎቶግራፍ አንሥተን 10ኛ ሥዕል አድርገን ጨመርነው። በትምህርት ቤቱ ኮምፒዩተር ከፍተን ባየነው ጊዜ ገጹ እንደ ሙሽራ አጊጦ ታየን፤ እርስ በርሳችንም ተመሰጋገንን።

ከተመረጡት ተማሪዎች አንዲቱ በዚያን ጊዜ ወደ ገጠር፣ ወደ ወላጆቿ ሄዳ ነበር። በወንድሟ ስልክ፣ በገዛችው ትንሽ የኢንተርኔት ጥቅል ገጹን ከፈተችው። የላይኞቹ ሥዕሎች ቁራጭ በቁራጭ እየታዩ ሳሉ ጥቅሉ አለቀ፤ ከሁሉ በታች የነበረው የስም ዝርዝር ሳይደርሳት ቀረ። ወደ ከተማ በተመለሰች ጊዜ ምዝገባው ተዘግቶ፣ ቦታዋም ለሌላ ተሰጥቶ አገኘችው። «ስሜ መኖሩን ባውቅ ኖሮ በእግሬም ቢሆን እመጣ ነበር» አለችኝ። እኔም የምመልስላት ቃል አጣሁ።

በዚያው ሳምንት የታሪክ መምህራችን አስጠሩኝ። እርሳቸው ዓይነ ስውር ስለሆኑ ስልካቸው ጽሑፉን በድምፅ እያነበበ ያሰማቸዋል። «ልጄ፣ የሠራችሁት ገጽ ሥዕል፣ ሥዕል፣ ሥዕል ይለኛል እንጂ ሌላ ቃል አይነግረኝም። የተመረጡት ልጆች እነማን ናቸው?» ሲሉ ጠየቁኝ። «መምህር፣ ዝርዝሩም ሥዕል ነው» አልኋቸው። «እንግዲያውስ ለእኔ የሰቀላችሁልኝ ባዶ ሰሌዳ ነው» አሉኝ።

ስለ ሥዕል ክብደት

ከዚህ በኋላ ጥፋቱ ከምን እንደ መጣ ለማወቅ በወረቀት ላይ ማስላት ጀመርሁ። ሒሳቡም እነሆ።

አንድ ፎቶግራፍ በኮምፒዩተር ዘንድ ፒክስል የሚባሉ የጥቃቅን ነጥቦች ስብስብ ነው። የእኛ ፎቶግራፎች ወርዳቸው 4000፣ ቁመታቸው 3000 ነጥብ ነበረ፤ ሲባዛ 12 ሚሊዮን ነጥብ ይሆናል። የእያንዳንዱን ነጥብ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ቀለም ለመመዝገብ 3 ባይት ስለሚያስፈልግ፣ አንዱ ሥዕል ሳይጨመቅ 36 ሚሊዮን ባይት ይይዛል። በ1992 የጸደቀው ጄፔግ የተባለው የአጨማመቅ ዘዴ ይህን አሳንሶ ለእያንዳንዱ ሥዕል 4 ሜጋባይት ያህል አድርሶታል። ስለዚህ 10ሩ ሥዕሎች በጠቅላላው 40 ሜጋባይት መዘኑ። አንድ ባይት 8 ቢት ነውና፣ በሰከንድ 1 ሜጋቢት በሚያስተላልፍ መስመር ይህ ሁሉ እስኪደርስ 320 ሰከንድ፣ ማለት 5 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይፈጃል።

አሁን ደግሞ ጽሑፉን እንመዝን። ፊደላችን በ1999 በወጣው በዩኒኮድ 3ኛ እትም ውስጥ ስለ ገባ፣ ዛሬ በብዙ ስልኮች ላይ በቀጥታ ሊጻፍ ይችላል። ዩቲኤፍ-8 በተባለው አመዘጋገብ እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። የ60 ተማሪዎች ስም ከነአባታቸው ለእያንዳንዱ 10 ፊደል ቢሆን፣ 600 ፊደል ወይም 1800 ባይት ብቻ ነው። እንግዲህ ያችን እኅታችንን ክረምቷን ያሳጣት ፎቶግራፍ፣ በጽሑፍ ቢሆን ኖሮ ከሚመዝነው ከ2000 እጥፍ በላይ ይከብድ ነበር ማለት ነው። አባቶቻችን «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» ይላሉ። እኛ ግን ለአንድ እንግዳ የሚበቃውን ጠጅ በጋን ሙሉ አሸክመን በሩ ድረስ ላክንበት።

ሥዕልን ስለ ማዘጋጀት

አንድን ፎቶግራፍ በድረ ገጽ ላይ ከማውጣታችን በፊት የሚከተለውን ማድረግ ይገባናል። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ዋናውን ፎቶግራፍ ለብቻው አስቀምጠን በግልባጩ ላይ እንሥራ፤ አንድ ጊዜ ያነሰ ሥዕል ወደ ቀድሞ ጥራቱ አይመለስምና።

1ኛ፤ መከርከም። የማያስፈልገውን ሰማይና መሬት ቆርጠን ዋናውን ነገር እናስቀር።

2ኛ፤ ማሳነስ። ለተራ ገጽ 1200 በ900 ነጥብ ይበቃል። ይህም 1,080,000 ነጥብ ስለሆነ ከመጀመሪያው 11 ጊዜ ያህል ያንሳል። እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪዎች የሚሳሳቱት አንድ ነገር አለ፤ እኔም ተሳስቼበታለሁ። በገጹ ትእዛዝ ውስጥ «የሥዕሉ ወርድ 300 ይሁን» ብሎ መጻፍ ሥዕሉን ለዓይን ያሳንሰዋል እንጂ ክብደቱን አይቀንሰውም። አንባቢው 4 ሜጋባይቱን ከፍሎ ትንሽ ሥዕል ያያል።

3ኛ፤ ብርሃኑን ማስተካከል። የጨለመውን ጥቂት ማብራት መልካም ነው፤ የሰውን መልክ እስኪለውጥ ድረስ ግን አይገባም።

4ኛ፤ ተስማሚውን ዓይነት መምረጥ። ለፎቶግራፍ ጄፔግ ይስማማል፤ ጥራቱንም ከ100 ወደ 75 ዝቅ ብናደርገው ዓይን ልዩነቱን ብዙ ጊዜ አያውቀውም፤ ክብደቱ ግን እጅግ ይቀንሳል። ጥቂት ቀለም ላለው ሥዕልና ለሠንጠረዥ በ1996 የወጣው ፒንግ ይሻላል፤ ጠርዙን አያደበዝዝም። ጉግል በ2010 ያስተዋወቀው ዌብፒ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከጄፔግ ያነሰ ክብደት አለው።

5ኛ፤ የተደበቀውን ማስወገድ። የስልክ ፎቶግራፍ በውስጡ የተነሣበትን ሰዓት፣ አንዳንድ ጊዜም ቦታውን በትክክል መዝግቦ ይይዛል፤ ይህም ኤግዚፍ ይባላል። የሕፃናትን ወይም የሰውን መኖሪያ ፎቶግራፍ በምናወጣበት ጊዜ ይህን ሳያጠፉ መተው ታላቅ ስሕተት ነው።

ዋጋቸው ስለማይከብድ መሣሪያዎች

«ይህን ሁሉ ለመሥራት ውድ ሶፍትዌር አያስፈልግምን?» የሚል ጥያቄ ሳይነሣ አይቀርም። ፎቶሾፕ በ1990 የወጣ፣ በሙያው ዓለም የታወቀ መሣሪያ ነው። ነገር ግን ባለቤቱ ኩባንያ ከ2013 ጀምሮ ወደ ኪራይ አሠራር ስለ ተመለሰ፣ ክፍያው ሲቋረጥ አገልግሎቱም ይቋረጣል፤ ይህም ለተማሪ አይቻልም። ስለዚህ አንዳንዶቻችን የተሰረቀውን፣ በተለምዶ «ክራክ» የሚባለውን ቅጂ እንፈልጋለን። በመጀመሪያ ነገሩ የሰው ድካም መስረቅ ነው። ሁለተኛም እንዲህ ባለው ቅጂ ውስጥ ተደብቆ የሚመጣ ቫይረስ አለ፤ ከክበባችን ኮምፒዩተሮች አንዱ በዚህ ምክንያት ታሞ የአንድ መንፈቀ ዓመት ሥራችንን ይዞብን ጠፍቷል። በነጻ የተፈቀደ መሣሪያ እያለ መስረቅ ምን ያደርጋል?

ከእነዚህ ነጻ መሣሪያዎች የመጀመሪያው ጊምፕ ነው። ይህን በ1995 የጀመሩት በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ በበርክሌይ ይማሩ የነበሩት ስፔንሰር ኪምባልና ፒተር ማቲስ የተባሉ ሁለት ተማሪዎች ናቸው። እንደ እኛ ተማሪዎች የነበሩ ሰዎች የጀመሩት ሥራ እስከ ዛሬ በብዙ ፈቃደኞች እጅ እያደገ፣ 3ኛው ታላቅ እትሙ በ2025 ወጥቷል። ከላይ የዘረዘርሁትን ሁሉ ይሠራል። ለማሳነስ «ኢሜጅ» ከሚለው ሥር «ስኬል ኢሜጅ» የሚለውን መምረጥ ነው፤ ለማውጣትም «ፋይል» ከሚለው ሥር «ኤክስፖርት አዝ» የሚለውን። በዚያው መስኮት ላይ ጥራቱን ዝቅ ማድረግና ኤግዚፉን እንዳይጨምር ምልክቱን ማንሣት ይቻላል።

ጊምፕ ለሚከብደው አሮጌ ኮምፒዩተር ፔይንት ዶት ኔት አለ። ይህም በ2004 በዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ በተማሪዎች ሥራነት የተጀመረ ሲሆን፣ በዊንዶውስ ላይ ብቻ ይሠራል፤ ከራሱ ድረ ገጽ ሲወርድም ክፍያ የለውም። ምንም ነገር መጫን የማይፈቀድበት ኮምፒዩተር ላይ ላለ ደግሞ ፎቶፒያ በማሰሻው ውስጥ ይከፈታል፤ በማስታወቂያ ስለሚተዳደር በነጻ ይሠራል፤ የፎቶሾፕንም ፋይል ያነባል። የትምህርት ቤት ዓርማን ለመሳሰለው ሥራ ኢንክስኬፕ ይሻላል፤ ሥዕሉን በነጥብ ሳይሆን በመሥመር ቀመር ስለሚይዘው ቢያሳድጉትም ቢያሳንሱትም አይደበዝዝም። በእጅ ሥዕል መሣል ለሚወድም ክሪታ አለለት።

ስለ ገጹ አሠራር

መሣሪያው ብቻውን ገጽን ደኅና አያደርገውም። ስለዚህ ከጥፋቴ የተማርሁትን በአጭሩ እጨምራለሁ።

ሀ፤ በጽሑፍ ሊነገር የሚችል ነገር በጽሑፍ ይነገር። የስም ዝርዝር፣ የፈተና ቀን፣ የስልክ ቍጥር በሥዕል ውስጥ አይታሰር።

ለ፤ ሰው የሚፈልገው ነገር ከላይ ይቅደም። ጌጡ ከኋላ ይምጣ።

ሐ፤ ለእያንዳንዱ ሥዕል «አልት» በሚባለው ቦታ አንድ አጭር መግለጫ ይጻፍ። የመምህራችን ስልክ የሚያነብላቸው ይህንኑ ነው። «ሥዕል» ብቻ ሳይሆን «ተማሪዎች በቤተ መጻሕፍት ሲያነብቡ» ተብሎ ቢጻፍ፣ ያላየውም ሰው ያያል።

መ፤ ጽሑፉ ከመደቡ ቀለም ጋር በግልጽ ይለይ። ለድረ ገጽ ተደራሽነት የተደነገገው ዓለም አቀፍ መመሪያ ለተራ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ1 የሆነ የብርሃን ልዩነት ይጠይቃል። በቢጫ ላይ ነጭ መጻፍ በፀሐይ ለሚያነብ ሰው እንዳልጻፉ ነው።

ሠ፤ ገጹ በጠባብ የስልክ መስታወት ላይ ተስማምቶ ይታጠፍ። ኢታን ማርኮት የተባለ የድረ ገጽ ባለሙያ በ2010 ካስተዋወቀው ወዲህ ይህ አሠራር የተለመደ ሆኗል።

ረ፤ ገጹ ከመውጣቱ በፊት በመንደሩ በሚገኘው በርካሹ ስልክና በደካማው መስመር ይፈተን። እኛ በትምህርት ቤቱ ኮምፒዩተር ብቻ ማየታችን ምግቡን ራሳችን ቀምሰን እንግዳው ጠገበ እንደ ማለት ነበር።

መደምደሚያ

ገጹን እንደ ገና ሠራነው። ከ9ኙ ፎቶግራፎች 4ቱን ብቻ አስቀረን፤ እያንዳንዳቸውም 150 ኪሎባይት ያህል ሆኑ። በጠቅላላው 600 ኪሎባይት ስለሆኑ፣ 5 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይፈጅ የነበረው በዚያው መስመር በ5 ሰከንድ ያህል ይደርሳል። የስም ዝርዝሩም በጽሑፍ ሆኖ ከሁሉ በላይ ተቀመጠ። መምህራችን በስልካቸው ካዳመጡት በኋላ፣ «አሁን ሰሌዳው ተናገረ» አሉን።

ያቺ ተማሪ ዛሬ የክበባችን አባል ናት። ማንኛውንም ገጽ ከማውጣታችን በፊት በወንድሟ ስልክ ከፍታ የምትፈትነው እርስዋ ናት፤ «አይከፈትም» ያለችው አይወጣም። ያለፈው ክረምት ግን አልተመለሰላትም፤ ይህንንም ሳስብ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

ስለዚህ ታናናሽ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፤ ገጽ በምትሠሩበት ጊዜ ከፊታችሁ ያለውን ሰፊውን መስታወት ሳይሆን፣ በሩቅ ሆኖ በትንሽ ስልክ የሚጠብቃችሁን አንባቢ አስቡ። መሣሪያው በነጻ ተሰጥቷችኋል፤ የሚፈለግባችሁ ትጋት ብቻ ነው።