አሮጌ ስልክህን ፍላሽ ከማድረግህ በፊት

ልጄ፣ አጎትህ ከአሜሪካ የላከልህን ጋላክሲ ኤስ7 ሶፍትዌር ልትጭንበት መነሳትህን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። በ2016 የወጣ ስልክ ነው፤ ሳምሰንግ ራሱ ያደረሰው አንድሮይድ 8 ድረስ ብቻ ነው። ቢሆንም እየሠራ ያለ ስልክ አይጣልም። ኬብሉን ከመሰካትህ በፊት ግን ስማኝ።

1. ያለህን ሁሉ ወደ ኮምፒውተር ገልብጥ። የምታወርደው ጥቅል ውስጥ ስማቸው የሚመሳሰል ሁለት ፋይሎች ታገኛለህ፦ ሲኤስሲ እና ሆም ሲኤስሲ። የመጀመሪያውን ከመረጥክ ስልኩ ሙልጭ ብሎ ይጸዳል፤ ሁለተኛው ያለህን አይነካም። እኔ በችኮላ የመጀመሪያውን መረጥኩ። ስልኩ እንደ አዲስ ተነሳ። እናቴ ቡና እየቆላች ስለ ልጅነቷ ስታጫውተኝ የቀዳሁት ድምፅ ግን አብሮ ጠፋ፤ ሌላ ቅጂ አልነበረኝም፤ እሷም አርፋለች። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

2. የጂሜይል ይለፍ ቃልህን አስታውስ። ስልኩ ሲጸዳ የድሮውን አካውንት ይጠይቅሃል፤ ካላወቅኸው አያስገባህም።

3. የሞዴሉን ቁጥር እስከ መጨረሻው ፊደል አንብብ። ጂ930ኤፍ ለብዙ አገሮች የተሠራው ነው፤ ጂ930ቪ የአሜሪካው ቬራይዘን፣ ጂ930ኤ ደግሞ የኤቲ ኤንድ ቲ ነው። በፊደል ይለያያሉ እንጂ መልካቸው አንድ ነው፤ የኤፉ ቺፕ ግን ከአሜሪካዎቹ የተለየ ነው። የአንዱ ፋይል ለሌላው አይሆንም። የአሜሪካዎቹ ቡትሎደር (ስልኩን የሚያስነሳው ፕሮግራም) የተቆለፈ ስለሆነ እንደ ሊኔጅ ኦኤስ ያለውን ከሳምሰንግ ውጭ የተሠራ ሶፍትዌር አትመኝ፤ የራሱን የሳምሰንግ ሶፍትዌር ጫንበት።

4. ወደ ኋላ አትመለስ። በሶፍትዌሩ መለያ ውስጥ ከመጨረሻው አምስተኛው ምልክት የቡትሎደሩን ደረጃ ይነግርሃል። ስልክህ ላይ ካለው ያነሰ ከሆነ ስልኩ አይቀበለውም።

5. የስልኩ ባትሪ ከግማሽ በላይ ይሁን፤ ላፕቶፕ ተጠቀም። ዴስክቶፕ ከሆነ መብራት ሲሄድ ሥራው መሃል ላይ ይቋረጣል፤ በመጫን ላይ ሳለ የተቋረጠ ስልክ ደግሞ ላይነሳ ይችላል። ስልኩን አጥፍተህ ድምፅ መቀነሻውን፣ ሆሙንና ፓወሩን አንድ ላይ ተጫን፤ ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ድምፅ መጨመሪያውን ንካ። ሶፍትዌሩን ከኮምፒውተር የሚጭነው ኦዲን የተባለው ፕሮግራም አረንጓዴ አብርቶ እስኪጨርስ ኬብሉን አትንካ። ከዚያ በኋላ የሚነሳበት ጊዜ ይረዝማል፤ ተበላሸ ብለህ አታጥፋው።

6. ሞዴልህ ኤፍ ሆኖ ሊኔጅ ኦኤስ ካማረህ፣ ኖክስ የሚባለው የጥበቃ ምልክት ከ0 ወደ 1 ይቀየራል፤ ከተቀየረ አይመለስም። ሴኪዩር ፎልደር ከዚያ በኋላ አይሠራም፤ አንዳንድ የባንክ መተግበሪያዎችም አንከፈትም ይላሉ። ገንዘብህን የምታንቀሳቅሰው በዚሁ ስልክ ከሆነ ይቅርብህ።

ዛሬ ማታ አትጀምር። መጀመሪያ የሞዴሉን ቁጥር ጻፍና ላክልኝ፤ ፋይሉን አብረን እንመርጣለን።