ትምህርት አሥራ አራት፦ በመልክ አንድ፣ በቁጥር ሌላ

ሀ. ከማንበባችሁ በፊት

ሁለት ነጥብን (፡) ሁለት ጊዜ አከታትሎ በመጻፍና አራት ነጥብን (።) በመጻፍ መካከል ልዩነት አለን? መልሳችሁን በደብተራችሁ አስፍሩና የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

ለ. ምንባብ

ክሪ በካናዳ ከሚነገሩት ነባር ቋንቋዎች አንዱ ነው። ፊደሉም እንደ እኛ ፊደል በአንድ ምልክት ተነባቢንና አናባቢን አጣምሮ ይይዛል። ይህን ፊደል እ.ኤ.አ. በ1840 ገደማ ኖርዌይ ሃውስ በተባለ ስፍራ ያዘጋጀው ጄምስ ኤቫንስ የተባለ ሚስዮናዊ እንደ ሆነ ተጽፏል። በክሪዎች ትውፊት ግን ፊደሉ ሚስታናኮዌው ለተባለ ሰው ከመንፈስ ዓለም የተሰጠ ነው።

የእኛ ፊደል ከግዕዝ ወደ ካዕብ፣ ከካዕብ ወደ ሣልስ ሲሻገር ቅጥል ይጨመርበታል። የክሪ ፊደል ግን የሚለወጠው በመዞር ነው። በሁለት ሰያፍ መስመሮች የተሠራ አንድ ማእዘን በዓይነ ኅሊናችሁ ሣሉ። ጫፉ ወደ ታች ሲያመለክት «ፔ»፣ ወደ ላይ ሲያመለክት «ፒ»፣ ወደ ቀኝ ሲሆን «ፖ»፣ ወደ ግራ ሲሆን «ፓ» ተብሎ ይነበባል።

ታዲያ ኮምፒዩተር ይህን ፊደል እንዴት ይለየዋል? ኮምፒዩተር የሚያስቀምጠው ቁጥርን እንጂ ቅርጽን አይደለም፤ ቅርጹ በመስኮቱ ላይ የሚሣለው ከቁጥሩ ተነሥቶ ነው። ቀድሞ እያንዳንዱ አዘጋጅ ለፊደላቱ የመሰለውን ቁጥር ይሰጥ ስለ ነበር፣ በአንዱ መሣሪያ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ሆኖ ይገኝ ነበር። ይህን ችግር ለማስወገድ ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የቁጥር ሥርዓት ተዘጋጀ። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛ እትሙ የካናዳ ነባር ሕዝቦች ፊደልና የኢትዮጵያ ፊደል አብረው ገቡ። ያን ጊዜ የክሪው «ፔ» 5167፣ «ፒ» 5169፣ «ፖ» 5171፣ «ፓ» 5176 የሚሉ ቁጥሮችን አገኙ። ቅርጹ አንድ ቢሆንም፣ አቅጣጫው ድምፁን ስለሚለውጥ ለእያንዳንዱ የራሱ ቁጥር ተሰጠው።

የክሪው «ፓ» በሒሳብ «ያንሳል» ከምንለው ምልክት ጋር እጅግ ይመሳሰላል። የ«ያንሳል» ምልክት ቁጥር ግን 60 ነው። ጸሐፊው የክሪ መጻፊያ አጥቶ በ5176 ፈንታ 60ን ቢያስገባ፣ ዓይን ስሕተቱን አያይም። ይሁን እንጂ ያ ቃል በኮምፒዩተር ሲፈለግ አይገኝም፤ በመዝገበ ቃላት ሲደረደርም ከተራው ውጭ ይወድቃል። ቃሉ የሰው ወይም የመንደር ስም ቢሆን፣ በመዝገብ ላይ እያለ እንደ ጠፋ ይቆጠራል።

የእኛም ነገር ከዚህ አይርቅም። የሁለት ነጥብ ቁጥር 4961፣ የአራት ነጥብ ቁጥር 4962 ነው። ብዙዎች ሁለት ነጥብን ደጋግመው በመምታት አራት ነጥብ ያስገቡ ይመስላቸዋል። ለዓይን ዓረፍተ ነገሩ ተዘግቷል፤ ለኮምፒዩተር ግን ገና ክፍት ነው።

ሐ. ሰዋስው

«ግን» እና «ይሁን እንጂ» ተቃራኒ ሐሳቦችን ያያይዛሉ። «ግን» ከሚነጻጸረው ቃል ወይም ሐረግ ቀጥሎ ይገባል፤ «ይሁን እንጂ» አብዛኛውን ጊዜ በዓረፍተ ነገር መነሻ ይቆማል። በምንባቡ ውስጥ ሁለቱንም ፈልጋችሁ በእያንዳንዱ ቦታ ምን ከምን ጋር እንደ ተነጻጸረ ተናገሩ።

መ. መልመጃ

1. የክሪ ፊደል ከእኛ ፊደል ጋር በምን ይመሳሰላል? በምንስ ይለያል?
2. አራቱ የክሪ ቀለሞች በቅርጽ አንድ ሲሆኑ አራት ቁጥሮች ለምን አስፈለጓቸው?
3. በዩኒኮድ የእኛ «ፐ» ቁጥሩ 4944 ነው። ሰባቱ ቤቶች በተከታታይ ቢቈጠሩ የ«ፖ» ቁጥር ስንት ይሆናል?
4. በክፍል «ሀ» የሰጣችሁትን መልስ እንደ ገና መርምሩ። ሐሳባችሁ ከተለወጠ ምክንያቱን፣ ካልተለወጠም ማስረጃችሁን በአንድ አንቀጽ ጻፉ። በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር መጨረሻ አራት ነጥብ ማድረግን አትርሱ።