ድምፅ የሌለው መልእክት

ሰው ሐሳቡን ለሌላ ሰው የሚያስታውቀው በአፉ ብቻ አይደለም። በጽሑፍም፣ በእጅ ምልክትም፣ በብርሃንም ይነጋገራል። ዛሬ የምንማረው የሞርስ ፊደል ያለ ድምፅ እንዴት እንደሚላክና እንዴት እንደሚነበብ ነው። በትምህርቱ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፊደሉ ስሙን ያገኘው ከአሜሪካዊው ከሳሙኤል ሞርስ ነው። በ1844 ከዋሽንግተን ወደ ባልቲሞር በተዘረጋው የቴሌግራፍ ሽቦ መልእክት ሲላክ፣ መሣሪያው በወረቀት ጥብጣብ ላይ ምልክት ያደርግ ነበር። ሠራተኛውም በዓይኑ ያነበዋል። ኋላ ግን ሠራተኞቹ የመሣሪያውን ድምፅ እየሰሙ መጻፍ ለመዱ። ስለዚህ ሞርስ ሲባል ለብዙ ሰው ድምፅ ይመስለዋል። ድምፁ ግን መጓጓዣ ነው እንጂ ፊደሉ አይደለም።

ታዲያ ፊደሉ ምንድን ነው? አጭርና ረዥም ምልክት ነው። አጭሩን ነጥብ፣ ረዥሙን ሰረዝ እንለዋለን። ነጥብ 1 ቆጠራ ከቆየ ሰረዝ 3 ቆጠራ ይቆያል። በአንድ ፊደል ውስጥ ባሉት ምልክቶች መካከል 1 ቆጠራ፣ በፊደልና በፊደል መካከል 3፣ በቃልና በቃል መካከል 7 ቆጠራ እናርፋለን። ዕረፍቱን ቀላል ነገር አድርገን አንየው። አንድ ነጥብ ብቻውን የላቲኑ “ኢ” ነው፤ አንድ ሰረዝ ብቻውን “ቲ” ነው። ሁለቱ ከተጠጋጉ ግን “ኤ” የሚባል ሌላ ፊደል ይሆናሉ።

እንግዲህ አጭርና ረዥም ሊሆን የሚችል ነገር ሁሉ ሞርስ መናገር ይችላል። መርከበኞች መዝጊያ ባለው መብራት ተነጋግረውበታል። በጦርነት ጊዜ ጠላት ሬዲዮናቸውን እንዳይሰማ ሲፈልጉ በብርሃን ይላላኩ ነበር። አንዱ ዓይኑን ከመብራቱ ሳይነቅል ፊደሉን ይጠራል፤ ሌላው ይጽፋል። ለማያይና ለማይሰማ ሰው ደግሞ እጁን አጭርና ረዥም አድርጎ በመጫን መንገር ይቻላል።

የዚህ ትምህርት ጥቅም ምን ያህል እንደሆነ አንድ ታሪክ ያስረዳናል። ጀረማያ ዴንተን የተባለ አሜሪካዊ የባሕር ኃይል አብራሪ በ1965 በሰሜን ቬትናም ተማረከ። በ1966 ማራኪዎቹ ለቴሌቪዥን ጥያቄ እንዲመልስ አቀረቡት። አፉ እንዳሻው እንዳይናገር ይጠበቅ ነበር። እሱ ግን ለጥያቄው እየመለሰ፣ ብርሃኑ ያስቸገረው መስሎ ዓይኑን አጭርና ረዥም እያደረገ ጨፈነ። በእንግሊዝኛ “ቶርቸር” የሚለውን ቃል ፊደል በፊደል ላከ፤ ሥቃይ እየተፈጸመብን ነው ማለቱ ነው። አጠገቡ የነበሩት አላወቁበትም። ፊልሙን ያዩ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሰዎች ግን አነበቡት። ዴንተን የተፈታው በ1973 ነው።

እስቲ እናስተውል። ያን ፊልም ያየ ሰው ሁሉ ዓይኑ ሲጨፈን አይቷል። መልእክት የሆነው ግን ፊደሉን ለሚያውቁት ብቻ ነው። ላኪው ቢጎብዝም አንባቢ ከሌለ ሥቃዩ ሳይታወቅ ይቀር ነበር። ማንበብ የምንማረው ለራሳችን ጥቅም ብቻ ሳይሆን፣ የሚጣራ ሰው ሲኖር እንድንደርስለትም ነው።

መልመጃ
1. የእጅ ባትሪ ይዘን 3 አጭር፣ 3 ረዥም፣ 3 አጭር ብርሃን እናብራ። ይህ “አደጋ ላይ ነኝ፣ ድረሱልኝ” የሚል ዓለም አቀፍ ምልክት ነው። ለመለማመድ ሲሆን ቤት ውስጥ ብቻ እናድርገው።
2. ሰረዝ የነጥብን ስንት እጥፍ ይቆያል?
3. በፊደላት መካከል ዕረፍት ባይኖር ምን ይፈጠራል?