መምህሩ ከየት ይምጣ? ስለ ዣን ባቲስት ዴ ላ ሳል ሥራ

አዲስ ትምህርት ቤት ተከፈተ ሲባል ብዙዎቻችን የምንጠይቀው ስለ ሕንፃውና ስለ መጻሕፍቱ ነው። መምህሩ ማን ነው፤ እርሱስ በምን ይኖራል ብለን የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን። ይህን ነገር አጥብቀው ካሰቡት ሰዎች አንዱ ፈረንሳዊው የካቶሊክ ካህን ዣን ባቲስት ዴ ላ ሳል ስለ ሆኑ ሥራቸውን ባጭሩ እንመረምራለን። ዘመኑን የምንቈጥረው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ዴ ላ ሳል በ1651 በሬምስ ከተማ ከባለጸጋ ቤተ ሰብ ተወለዱ። በ1667 ገና በልጅነታቸው በከተማው ካቴድራል ጥሩ ገቢ ያለው ማዕርግ ተሰጣቸው፤ በ1678ም ቀሰሱ። በ1679 አድሪያን ኒዬል የተባለ ሰው ለድኾች ልጆች ትምህርት ቤት ሊከፍት ወደ ሬምስ በመጣ ጊዜ ሐሳባቸው ጥቂት ሊረዱት ብቻ ነበር። ነገር ግን መምህራኑ ሥልጠና የሌላቸውና ኑሯቸው የተጐሳቈለ መሆኑን ባዩ ጊዜ፤ በ1681 ዘመዶቻቸው እየተቈጡ ወደ ገዛ ቤታቸው አስገቧቸው።

ከዚህ በኋላ የሆነው ልብ የሚነካ ነው። መምህራኑ ስለ ነገ ኑሯቸው ሲጨነቁ ዴ ላ ሳል በእግዚአብሔር ታመኑ እያሉ መከሯቸው። እነርሱም፤ ሀብትና ማዕርግ ላለው ሰው ይህን መናገር ቀላል ነው፤ ትምህርት ቤቱ ቢዘጋ ግን እኛ መውደቂያ የለንም አሉ። ዴ ላ ሳል በዚህ አልተቀየሙም። በ1683 ማዕርጋቸውን ለቀቁ፤ በተከተለውም የረኃብ ክረምት ሀብታቸውን እንጀራ አድርገው ለተራቡት አደሉ። የክርስቲያን ትምህርት ቤቶች ወንድሞች የተባለው ማኅበር የቆመው በዚህ መሠረት ላይ ነው።

በማስተማሩም ዘዴ ሦስት ነገር እናገኛለን። አንደኛ፤ በዚያ ዘመን መምህሩ ልጆቹን አንድ በአንድ እየጠራ ሲያስተምር ሌሎቹ ሥራ ፈትተው ይቀመጡ ነበር፤ እርሳቸው ልጆቹን በችሎታቸው መድበው ባንድነት እንዲማሩ አደረጉ። ሁለተኛ፤ ንባብ በላቲን መጀመሩ ቀርቶ በፈረንሳይኛ እንዲጀመር አደረጉ፤ የድኻ ልጅ በትምህርት ቤት የሚቈየው ለጥቂት ጊዜ ነውና፤ የማያውቀውን ቋንቋ ሲቈጥር ጊዜው አልቆ ባዶ እጁን እንዳይወጣ ነው። ፊደል ቈጥረን ዳዊትን በግዕዝ የደገምን ሰዎች ይህን ምክንያት ለመረዳት አይቸግረንም። ሦስተኛ፤ ለገጠር ትምህርት ቤቶች የሚሆኑ መምህራን የሚሠለጥኑበትን ቤት ከፈቱ።

ተቃዋሚም አልታጣም። በፓሪስ በክፍያ የሚያስተምሩ የጽሕፈት መምህራን፤ ነጻው ትምህርት ደንበኞቻችንን ወሰደብን ብለው ከሰሷቸው። ጉድለት አልነበረም አንልም፤ ወንድሞቹ የሚያስተምሩት ወንዶችን ብቻ ነበር፤ ቅጣትም ቢወሰን እንኳ ጨርሶ አልቀረም።

ዴ ላ ሳል በ1719 በሩዋን ዐረፉ። ቤተ ክርስቲያናቸው በ1900 ቅዱስ ብላ፤ በ1950 ደግሞ የመምህራን ጠባቂ ብላ ሰየመቻቸው። ማኅበራቸው ዛሬ በብዙ አገሮች ያስተምራል፤ በአዲስ አበባም የቅዱስ ዮሴፍን ትምህርት ቤት የሚያካሂዱት እነዚሁ ወንድሞች ናቸው።

እንግዲህ ወደ ራሳችን እንመለስ። ስለ ድኻው ሕዝብ መማር ብዙ እንከራከራለን፤ ከመካከላችን ግን መምህርነትን ሌላ ሥራ እስኪገኝ መጠለያ አድርገን የምናስብ ስንቶች ነን? የሬምስ መምህራን ለባለጸጋው ካህን የሰጡት መልስ ለእኛም የተሰጠ ነው። ካህኑ በንግግር ሳይሆን በሥራ መለሱላቸው፤ የእኛ መልስ ግን ገና ይጠበቃል።