የስኳር ሕመም፣ ፆም እና የዶርም ወንድሞች ኃላፊነት



ባለፈው ረመዳን ከዐስር ሶላት ተመልሰን ዶርም ስንገባ አንድ ወንድማችንን አልጋው ላይ ተቀምጦ አገኘነው። ፊቱና አንገቱ በላብ ርሷል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል። ስንጠራው ያየናል እንጂ አይመልስም፤ ሲመልስም ንግግሩ አይያያዝም። አንዳችን "ፆሙ ከብዶት ነው፣ ትንሽ ይተኛ" አለ። ሌላችን "ይሄ የጂን ነገር ነው" ብሎ ቁርኣን ይቀራበት ጀመር። ሦስተኛው ውሃ ሊያመጣ ወጥቶ "ለመግሪብ ሁለት ሰዓት ብቻ ነው የቀረው" ብሎ ከመንገድ ተመለሰ። ይህን የምንጽፈው እያፈርን ነው።

ላቡን የምንጠርግበት ፎጣ ፍለጋ ሎከሩን ስንከፍት ከልብሱ ሥር በፌስታል የተጠቀለሉ መርፌዎችና አንድ ትንሽ ብልቃጥ አገኘን። ከጎረቤት ዶርም የጤና ተማሪ ጠራን። ብልቃጡን አይቶ አልቆመም፤ "ስኳር! ቶሎ ስኳር አምጡ!" አለ። መዋጥ መቻሉን አረጋግጦ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ አጠጣው። ከዚያ ደግፈን ክሊኒክ ወሰድነው። እዚያ ሲለካ፣ ስኳሩን ከጠጣም በኋላ፣ ቁጥሩ 52 ነበር።

ማታ ሲረጋጋ ጠየቅነው። ስኳር ያለበት ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ ነው። ከእኛ ጋር ሁለት ዓመት ሲኖር መርፌውን የሚወጋው ሽንት ቤት ገብቶ ነበር። ለምን እንደደበቀን ስንጠይቀው ሁለት ነገር ነገረን። አንደኛው ሰው ሲያዝንለት አለመውደዱ ነው። ሁለተኛው ግን እኛው ነን። ባለፈው ዓመት ኢፍጣር ላይ ተቀምጠን "ዘንድሮ ጨጓራዬን እያለ የማይፆመው በዛ" እያልን ስንስቅ እሱ አጠገባችን ነበር። እኛ ረስተነዋል፣ እሱ አልረሳውም።

በመድረሳ ሳለን የቀራነው አንድ ሐዲስ አለ። አቡ ዳውድ ከጃቢር (ረ.ዐ) የዘገቡት ነው። ሶሓቦች በጉዞ ላይ ሳሉ አንዱ ራሱን በድንጋይ ይመታና ይቆስላል። ሌሊት ጀናባ ይሆንና "በተየሙም ልብቃቃ? ሩኽሷ አለኝ?" ብሎ ጓደኞቹን ይጠይቃል። እነሱም ውሃ እስካለ ድረስ ሩኽሷ የለህም ይሉታል። ታጠበ፣ ሞተም። ነገሩ ለረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሲነገራቸው ገደሉት አሉ፤ ካላወቁ ለምን እንዳልጠየቁም ወቀሱ፤ ያለማወቅ መድኃኒቱ መጠየቅ መሆኑንም አስተማሩ። ደረሳ ሳለን ይህን ሐዲስ ለተየሙም ባብ ብለን ሸምድደነዋል። ያን ቀን ዶርም ውስጥ ግን የቆሰለው ሰውዬ ፊታችን ተቀምጦ እኛ የጓደኞቹን መልስ እየመለስን ነበር።

ስለዚህ ጠየቅን። የጤና ተማሪ ወንድሞቻችንን፣ ሐኪሞችን፣ ኡስታዞችን ጠየቅን። ከዚህ በታች ያለው ከዚያ የተማርነው ነው። የመድኃኒት መጠን የሚወስነው ግን የእያንዳንዱ ሕመምተኛ ሐኪም ብቻ መሆኑን ከወዲሁ እናሳስባለን።

ወንድማችን ያለበት አንደኛው ዓይነት የሚባለው የስኳር ሕመም ነው። የሰውነት የመከላከያ ኃይል ተሳስቶ በቆሽት ውስጥ ኢንሱሊን የሚያመርቱትን ሕዋሳት ያጠፋቸዋል። ብዙ ጊዜ በልጅነት ወይም በወጣትነት ይጀምራል፤ ብዙ ጣፋጭ ከመብላት የሚመጣ አይደለም። ኢንሱሊን ከሌለ በደም ውስጥ ያለው ስኳር ወደ ሕዋሳት አይገባም። ሰውነት በስኳር ተጥለቅልቆ ይራባል። እኛ የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ነገሩ የገባን በኮንትሮል ሲስተም ትምህርት ነው። ጤነኛ ቆሽት ሴንሰርም፣ ተቆጣጣሪም፣ ሥራውን ፈጻሚም ነው፤ ሱብሓነላህ፣ ተኝተን እንኳ ያለ እረፍት ይለካል፣ ያስተካክላል። ይህ ሲበላሽ ተቆጣጣሪው ሕመምተኛው ራሱ ይሆናል። ጣቱን ወግቶ ይለካል፣ የሚበላውን ይገምታል፣ ኢንሱሊኑን ይወጋል። ችግሩ መዘግየቱ ነው። ዛሬ ጠዋት የተወጋው ሥራውን የሚሠራው ከሰዓታት በኋላ ነው። አገራችን ውስጥ በብዛት የሚሰጠው ደመናማው ኢንሱሊን ከተወጉት በኋላ ከ4 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው ኃይሉ የሚበረታው። ወንድማችን ሱሑር ላይ የወትሮውን መጠን ወግቶ ነበር። ኢንሱሊኑ በበረታበት ሰዓት ቁርስም ምሳም አልነበረም።

ይህ ኢንሱሊን የሚባለው ነገር ራሱ ምን ዓይነት ኒዕማ እንደሆነ ማሰብ ይገባል። እ.ኤ.አ. እስከ 1922 ድረስ እንደ እሱ ያለ ልጅ በበሽታው ከተያዘ ሐኪሞች ምግቡን እጅግ በመቀነስ ሞቱን ጥቂት ከማዘግየት በቀር የሚያደርጉለት አልነበረም። በዚያ ዓመት በጥር ወር በካናዳ ቶሮንቶ ሊዮናርድ ቶምሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ኢንሱሊን ተወጋ፤ ከዚያ በኋላ 13 ዓመት ኖረ። አላህ ለእያንዳንዱ በሽታ መድኃኒት ማውረዱን፣ መታከምም እንደሚገባ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። የግመሏን መታሰር ሐዲስ ሁላችንም ስለምናውቀው አንደግመውም። ግን አንዳንድ ወንድሞች ጥቁር አዝሙድ ወይም ዘምዘም ስለያዙ ኢንሱሊኑን ያቆማሉ። በጥቁር አዝሙድ ኸይር መኖሩን እናምናለን፤ ሩቅያም ሐቅ ነው። ነገር ግን አንደኛው ዓይነት ሕመም ያለበት ሰው ኢንሱሊን ሲያቆም በቀናት ውስጥ ደሙ አሲድ እየሆነ ይሄዳል፤ ይጠማዋል፣ ቶሎ ቶሎ ይሸናል፣ ያስመልሰዋል፣ ሆዱን ያመዋል፣ አተነፋፈሱ ከባድና ፈጣን ይሆናል። ካልደረሱለት ይሞታል። ስለታመመ ምግብ ባይበላ እንኳ ኢንሱሊኑን በራሱ ውሳኔ ጨርሶ መተው የለበትም። ሩቅያው መርፌውን ከተወጋ በኋላም ይደርሳል።

አሁን ወደ ፆሙ እንመለስ። አላህ በሱረቱል በቀራ የፆምን ግዴታ ባወረደበት ቦታ የታመመና መንገደኛ በሌሎች ቀናት እንዲቆጥር ፈቅዷል፤ ለባሮቹ ገሩን እንጂ ችግሩን እንደማይሻም በዚያው በ185ኛው አያ ነግሮናል። ሩኽሷው የተሰጠው ከግዴታው ጋር አንድ ላይ ነው። ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2009 ሻርጃ ላይ ባካሄደው 19ኛ ጉባኤው የስኳር ሕመምተኞችን በአራት ከፍሎ ተመልክቷል። አንደኛው ዓይነት ያለበት፣ ከረመዳን በፊት ባሉት ሦስት ወራት ከባድ የስኳር ማነስ የገጠመው፣ ስኳሩ ሲወርድ የማይታወቀው፣ እርጉዝ የሆነችና ሌሎችም በመጀመሪያው ክፍል ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍሎች ላሉት ብይኑ "ካልፈለግህ አትፁም" አይደለም፤ መፆም አይፈቀድም ነው። ይህን ለወንድማችን ስናነብለት ዝም ብሎ ቆየና "ታዲያ እስከዛሬ ማንም አልነገረኝም" አለን። ሦስተኛውና አራተኛው ክፍል ላይ ያሉት፣ ለምሳሌ በክኒን ወይም በአመጋገብ ብቻ ስኳራቸው የተስተካከለ፣ ከሐኪማቸው ጋር ተመካክረው የሚፆሙ ናቸው። ምክክሩ ደግሞ ከረመዳን በፊት፣ ቢቻል በረጀብ ወይም በሸዕባን መጀመሪያ ነው መሆን ያለበት።

ሐኪም ፈቅዶለት የሚፆም ሰው ሁለት ነገር ይወቅ። ጣትን ወግቶ ደም መለካት ፆም አያፈርስም፤ የኢንሱሊን መርፌም እንደ ምግብ የሚያገለግል ስላልሆነ አያፈርስም፤ ስለ መርፌው ይኸው አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1997 ጅዳ ላይ ውሳኔ ሰጥቶበታል። ፆሜ ይበላሻል ብሎ ሳይለካ የሚውል ሰው ዓይኑን ጨፍኖ መኪና እንደሚነዳ ነው። ሁለተኛ፣ ቁጥሩ ከ70 በታች ከወረደ ወይም ከ300 በላይ ከወጣ ያፈጥራል፤ ለመግሪብ አሥር ደቂቃ ቢቀርም። መፆም ለዘለቄታው የማይችል ሰው ብዙኃን ዑለማእ እንዳሉት በእያንዳንዱ ቀን አንድ ሚስኪን ያበላል። የእያንዳንዱ ሁኔታ ስለሚለያይ ግን ለራሱ ኡስታዙን ይጠይቅ።

አንድ ሌላ ሐዲስ ወንድማችንን ከሁሉ በላይ አጽናንቶታል። ቡኻሪ ከአቡ ሙሳ (ረ.ዐ) እንደዘገቡት ባሪያ ሲታመም ወይም መንገድ ሲወጣ፣ ጤነኛና አገሩ ሳለ ይሠራው የነበረው መልካም ሥራ ይጻፍለታል።

ሶብር የሚለውን ቃልም ያለ ቦታው እናውለዋለን። ለታመመ ሰው "ሶብር አድርግ" ስንል ብዙ ጊዜ "ዝም በል" ማለታችን ነው። በሶብር የሚጠቀሱት ነቢዩላህ አዩብ (ዐ.ሰ) ግን ዝም አላሉም፤ ጉዳት እንዳገኛቸው ለጌታቸው ተናግረዋል። መልሱ ሲመጣም መሬቱን በእግርህ ምታ ተባሉ፤ ለመታጠቢያና ለመጠጫ የሚሆን ቀዝቃዛ ውሃ ወጣላቸው። በዚያ ተዓምር ውስጥ እንኳ የእግራቸው ሥራ አልቀረም። በየቀኑ ጣቱን የሚወጋ፣ ሳይሰለች ሁለትና ከዚያ በላይ መርፌ የሚወጋ ሰው ሶብሩ እዚያው ውስጥ ነው።

ግቢ ውስጥ መኖሩም የራሱ ጣጣ አለው። የካፌ ተማሪ ምግቡን አይመርጥም። ጠዋት ዳቦ በሻይ፣ ምሳ እንጀራ፣ አንዳንዴ ሩዝ ወይም ፓስታ፤ አብዛኛው ወደ ስኳርነት የሚለወጥ ነው። ወንድማችን አሁን ሻይውን ያለ ስኳር ይጠጣል፣ ዳቦውን ይቀንሳል፣ ምስር ወይም ሽሮ በዛ አድርጎ ያስጨምራል። ከሁሉም የሚጎዳው ሰልፉ ነው። መርፌውን ወግቶ ካፌ ሲሄድ ሰልፉ አንድ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ እኛ ቀድመን እንሰለፍለታለን። የመለኪያው ስትሪፕ ውድ ነው፣ አንዳንዴም ጠፍቶ ይከርማል። ለዚህ ከወር ወጪያችን ጥቂት እናዋጣለን፤ እሱ እንደማይወደው ስለምናውቅ ግን የምንሰጠው በብድር ስም ነው። (ይህን ሲያነብ እንደሚናደድ እናውቃለን። ይቅር ይበለን።)

ኢንሱሊኑን በተመለከተ ያልተከፈተ ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀመጣል። የተከፈተው ከሙቀትና ከፀሐይ ርቆ አብዛኛውን ጊዜ ለአራት ሳምንት ያህል በክፍል ሙቀት ይቆያል። በረዶ ከሆነ ቢቀልጥም አይሠራም፣ ይጣላል። ለእረፍት ፍሪጅ የሌለበት ገጠር ሲሄድ የሸክላ ማሰሮ ይጠቀማል። አንዱን ማሰሮ በሌላው ውስጥ አድርጎ መካከሉን በእርጥብ አሸዋ ይሞላዋል። ውሃው በሸክላው ቀዳዳ እየተነነ ሙቀት ይዞ ይወጣል፤ ያው ቴርሞዳይናሚክስ ነው። አየሩ ደረቅ በሆነበት ከውጪው ይልቅ በብዙ ዲግሪ ይቀዘቅዛል፤ እርጥበት በበዛበት ቦታ ግን ያን ያህል አይረዳም። ፍሪጅንም አይተካም።

ለዶርም ጓደኛ የሚያስፈልገው እውቀት ብዙ አይደለም። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ድንገተኛ ብስጭት፣ ግራ መጋባት ካያችሁ ስኳሩ ወርዶ ሊሆን ይችላል። መዋጥ ከቻለ ከሦስት እስከ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ ስጡት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ለኩት፤ ከ70 በታች ከሆነ ድገሙለት፤ ሲሻለው ምግብ ይብላ። ራሱን ከሳተ ምንም ነገር በአፉ አትስጡት፤ ትን ብሎት ሊሞት ይችላል። በጎኑ አስተኝታችሁ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። መለኪያ ከሌለና መውረዱን ከተጠራጠራችሁ ስኳሩን ስጡት፤ ከፍ ብሎ ከነበረ ጥቂት ስኳር የሚጨምረው ጉዳት፣ ወርዶ ሳለ ከመከልከል ጋር አይወዳደርም።

ወንድማችን ዘንድሮ በሸዕባን ሐኪሙ ዘንድ ሄዶ ነበር። አብረነው ሄድን። የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየውን ምርመራ ውጤት አይቶ ሐኪሙ ተሻሽሏል አለው፤ ፆሙን ግን አልፈቀደለትም። ሲወጣ አላለቀሰም፣ አልቀለደምም። ዶርም ስንደርስ ብልቃጡን ከልብሱ ሥር አውጥቶ መጻሕፍቱ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። በዚህ ረመዳን ምሳውን እዚያው ክፍላችን ውስጥ ይበላል። ለጀመዓው ኢፍጣር ሳምቡሳ የሚያከፋፍለው እሱ ነው፤ ለእያንዳንዳችን ሁለት ሁለት ብቻ ይሰጠናል፣ ሦስተኛ ስንጠይቀው ደግሞ በውስጡ ያለውን ዱቄት በግራም እያሰላ ይከራከረናል።