እባብ ስለ ምን ይሸሸጋል?

ሰው እባብን የሚጠላው ስለ መርዙ ብቻ አይደለም፤ ስለ መሸሸጉም ነው። ጅብ እየጮኸ ይመጣል፤ ውሻም ከመንከሱ በፊት ያጉረመርማል፤ እባብ ግን ከየት እንደ መጣ ሳይታወቅ ከእግር ሥር ይገኛል። ከዚህ የተነሣ መሸሸጉን እንደ ተንኰል እንቈጥርበታለን። እኔም እስከ አምና ድረስ እንደዚሁ አስብ ነበር። ዛሬ ግን የሚሸሸገው ሰውን ለመጉዳት እንዳልሆነ ተረድቻለሁ፤ ምክንያቱን ማወቅም ከመነከስ ሊያድን ስለሚችል፣ ያየሁትንና ያነበብሁትን ለመጽሔታችን አንባብያን አቀርባለሁ።

ነገሩን እንድመረምር ያደረገኝ ከቤታችን ጓሮ የነበረው የድንጋይ ካብ ነው። አምና በመስከረም ወር ታናሽ ወንድሜ የጨርቅ ኳሱ በካቡ ሥር ገብቶበት እጁን እስከ ክንዱ ሰደደ። ኳሱን ሲስብ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ነገር አብሮ ወጣ። እባብ የጣለው ቆዳ ነበር፤ ብለካው አራት ስንዝር ያህል ሆነ። ወንድሜ ሳቀ፤ እናቴ ግን ደረቷን መታች። በዚያው ማታ ካቡ እንዲፈርስና የፈላ ውሃ እንዲፈስበት ተመከረ። አባቴም «ነገ ጧት ይፈርሳል» አሉ።

እኔ ጥቂት ቀን እንዲታገሡኝ ለመንኋቸው። አንደኛው ምክንያቴ፣ ካብ ማፍረስ ማለት እያንዳንዱን ድንጋይ በእጅ ማንሣት ስለሆነ፣ መርዘኛ እባብ ካለበት የሚነክሰው ያን ጊዜ ነው የሚል ነበር። ሁለተኛው ምክንያት ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ማየት ፈልጌ ነው። አባቴ «እንግዲያው አንድ ሳምንት ይሁን» አሉ። ወንድሜም ወደዚያ እንዳይደርስ ተከለከለ። ሳምንቱ ግን ወር ሆነ፤ ወሩም ሌላ ወር ወለደ።

ከካቡ አሥር እርምጃ ርቄ በርጩማ ላይ እየተቀመጥሁ ያየሁትን በደብተር ጻፍሁ። እባቡ ቀጭንና ቡናማ ነበር፤ ዓይነቱን ለመለየት መቅረብ ያስፈልጋልና አልቀረብሁም። ከጧቱ 3 ሰዓት ገደማ ፀሐይ የካቡን የምሥራቅ ፊት ስትመታው ራሱ ብቻ በድንጋዩ ስንጥቅ ብቅ ይላል። ጥቂት ቈይቶ ግማሽ ገላው ይወጣል፤ ድንጋዩ ሲግል ተመልሶ ይገባል። ሰማዩ ደመና በሆነ ቀን ፈጽሞ አይታይም። አንድ ጊዜ ስድስት ቀን ሙሉ ጠፋ፤ እናቴም «ሄደልን» ብላ ደስ አላት። በሰባተኛው ቀን ግን በቦታው ተጋድሞ አገኘሁት፤ ከወገቡ በታች ገና አበጥ ያለ ነበር።

ይህን ሁሉ ያስረዳኝ የሥነ ሕይወት ትምህርታችን ነው። የሰው ገላ ከበላው ምግብ ሙቀት እየሠራ ሌሊትም ቀንም በ37 ዲግሪ ገደማ ይቈያል። የእባብ ገላ ግን ሙቀቱን የሚያገኘው ከውጭ፣ ከፀሐይና ከሞቀ ድንጋይ ነው። ከበረደው መሮጥ አይችልም፤ የዋጠውንም ማላም አይችልም። እጅግ ከጋለም ይሞታል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ሥራው ከሙቀት ወደ ጥላ፣ ከጥላ ወደ ሙቀት መመላለስ ነው። እንደ መርጡለ ማርያም ባለ ደጋ፣ ሌሊቱ ብርድ በሆነበት አገር፣ የድንጋይ ካብ ለእባብ ምድጃም ጎጆም ይሆንለታል። ቀን ፀሐይ የጠጣው ድንጋይ ማታ ቶሎ አይበርድምና።

ሁለተኛው ምክንያት ፍርሃት ነው። እባብ እግር የለውም፤ የዓይን ቆብም የለውም። በሜዳ ላይ ሲገኝ ጭልፊት ከላይ፣ ድመት ከጎን ትመጣበታለች፤ ሰውም በዱላ ይመታዋል። ስለዚህ ሰፊ ጉድጓድ አይመቸውም፤ ድንጋዩ ገላውን ከየጎኑ የሚነካበት ጠባብ ስፍራ ይመርጣል። ምንም ነገር ከኋላው ሊመጣበት እንደማይችል የሚያውቀው በመነካካቱ ነው።

ይህን የበለጠ ግልጽ ያደረገልኝ በሌላው ዓለም በቤት ስለሚያሳድጉት እባብ ያነበብሁት ነው። በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪቃ «ቦል ፓይተን» የሚባል ትንሽ ዘንዶ ይኖራል፤ በአገራችን የለም። ርዝመቱ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ተኩል ነው፤ መርዝም የለውም። ሲፈራ ራሱን በመካከል አድርጎ ገላውን እንደ ኳስ ስለሚጠቀልል ስሙን ከዚያ አገኘ። በአውሮፓና በአሜሪካ ብዙ ሰዎች በመስተዋት ሣጥን ያሳድጉታል። ይህን ለአያቴ ብነግራት ሦስት ጊዜ አማተበች። ጥቂት ዝም ብላ ግን «ዘንዶም እኮ ለአቡነ አረጋዊ ገመድ ሆኗል» አለችኝ። አቡነ አረጋዊ ወደ ደብረ ዳሞ አምባ በዘንዶ ተስበው ወጡ የሚለውን ታሪክ ማስታወሷ ነበር።

እነዚህ አሳዳጊዎች ዘወትር የሚጨነቁበት አንድ ነገር አለ። ዘንዶው ቀኑን ሙሉ ተሸሽጎ ይውላል፤ ታሞ ይሆን ወይስ ጠልቶን ብለው ይጠይቃሉ። መልሱ ግን በትውልድ አገሩ ነው ያለው። ቦል ፓይተን በዱር ሳለ ቀን በአይጥ ጉድጓድና በኩይሳ ውስጥ ተኝቶ ይውላል፤ የሚወጣው ሌሊት ነው። ስለዚህ መሸሸጉ የጤንነቱ ምልክት ነው። ይልቅስ ዕረፍት አጥቶ ሌትና ቀን በሣጥኑ ውስጥ የሚዞር ቢሆን ያን ጊዜ አንድ ነገር ጐድሎታል ማለት ነው። የጠነቀቁ አሳዳጊዎች በሣጥኑ ውስጥ ሁለት መሸሸጊያ ያደርጉለታል፤ አንዱ በሞቀው ጫፍ፣ ሁለተኛው በቀዘቀዘው ጫፍ። አንድ ብቻ ከሆነ፣ በቀዘቀዘው በኩል ያለውን መሸሸጊያ መርጦ ሙቀት ያጣል፤ ወይም ሙቀት ፍለጋ ወጥቶ በፍርሃት ይኖራል። ይህን ሳነብ ካባችን ትዝ አለኝ። የምሥራቁ ፊት የሞቀ፣ ከግራሩ ጥላ ሥር ያለው ጫፍ የቀዘቀዘ፣ በመካከሉ ደግሞ መቶ ቀዳዳ! ማንም ሳያስብበት ለእባብ የሚስማማ ቤት ሠርተንለት ነበር።

ስድስቱ ቀንም ተገለጠልኝ። እባብ አይጥ ከዋጠ በኋላ ለመፍጨት ብዙ ቀን ይፈልጋል፤ ሆዱ ከብዶት መሸሽ ስለሚቸግረው ይደበቃል፤ ከታወከም የዋጠውን ሊተፋ ይችላል። ቆዳውን ሊጥል ሲቃረብም እንዲሁ ነው። በዓይኑ ላይ ያለው ስስ ሽፋን ወተት የተቀባ መስሎ ስለሚጋረድ፣ ለጥቂት ቀን አጥርቶ አያይም። ያን ጊዜ የነካውን ሁሉ ጠላት አድርጎ ቢቈጥር አይፈረድበትም። ወንድሜ እጁን የሰደደው ቆዳው ከተጣለ በኋላ መሆኑን እያሰብሁ እስከ ዛሬ እደነግጣለሁ።

መሸሸጊያው ግን ዘወትር ጉድጓድ አይደለም። ከእኛ ደጋ ወደ ዓባይ ቆላ ለሚወርድ ሰው እፉኝት አለች፤ አጭርና ወፍራም፣ መልኳም ከደረቀ ቅጠልና ከአፈር ጋር አንድ የሆነ። ሌሎች እባቦች የእግር ኮቴ ሲሰሙ ይሸሻሉ፤ እፉኝት ግን በመልኳ ታምና እንደ ድንጋይ ጸጥ ትላለች፤ ሲቀርቧት እፍ ትላለች፤ የረገጣትን ትነክሳለች። አደገኛነቷም በዚህ ነው። የእነዚህ ዘመዶች እንዴት እንደሚደበቁ ለማወቅ፣ በባሌ የሐረና ጫካ የሚኖር አንድ የእፉኝት ዝርያ በሊቃውንት ዘንድ አዲስ ተብሎ የተመዘገበው ገና በ2016 (እ.ኤ.አ.) መሆኑን መናገር ይበቃል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 (እ.ኤ.አ.) የእባብ ንክሻን ችላ ከተባሉ የሞቃት አገሮች በሽታዎች ተራ አስገብቶታል። በግምቱ በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ81,000 እስከ 138,000 የሚሆን ሰው በዚሁ ይሞታል። አብዛኞቹም እንደኛ ያሉ ገበሬዎች፣ እረኞችና ልጆች ናቸው። ይህ የሚሆነው እባብ ሰውን አሳድዶ ሳይሆን፣ እኛ ሳናውቅ እጃችንን ወይም እግራችንን መሸሸጊያው ውስጥ ስለምናገባ ነው። ነዶ ስንሸከም፣ የእንጨት ክምር ስንንድ፣ ድንጋይ ስንፈነቅል፣ በጨለማ በባዶ እግር ስንወጣ ነው። የተነከሰ ሰው ቢኖር በምላጭ መብጣት፣ በአፍ መምጠጥ፣ በገመድ አጥብቆ ማሰር ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። ቀለበትና አምባር አውልቆ፣ የተነከሰውን እጅ ወይም እግር ሳያንቀሳቅሱ፣ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ ነው የሚገባው።

ይህን ሁሉ ለቤተ ሰቤ ካስረዳሁ በኋላ ስለ ካቡ እንደ ገና ተመካከርን። እኔ ይቅር ብዬ ነበር፤ እናቴ ግን «ልጄ እጁን የሚሰድበት ስፍራ አይኖርም» አለች። ስለ ወንድሜ እውነት ስለነበራት ተረታሁ። መጀመሪያ በጎተራው ሥር የፈሰሰውን እህል ጠረግን፤ አይጥ ያለ እህል፣ እባብም ያለ አይጥ አይቀመጥምና። ካቡን በጥር ወር፣ እኔና አባቴ በረጅም ድጅኖ ከላይ ወደ ታች፣ አንዱንም ድንጋይ በባዶ እጅ ሳንነካ አፈረስነው። ለእባቡ ማምለጫ እንዲሆነው ወደ እርሻው በኩል ያለውን ጎን መጨረሻ አደረግነው። ሦስት የአይጥ ጎጆ አገኘን፤ እባቡን ግን አላየነውም። ድንጋዩንም ከእርሻችን ዳር፣ ከቤት ርቆ እንደ ገና ካብነው።

በሚያዝያ ወር በዚያው በአዲሱ ካብ ላይ ሌላ የተጣለ ቆዳ አገኘሁ። አምስት ስንዝር ይሆናል። የዚያው እባብ መሆኑን አላውቅም። እናቴ በዚያ በኩል ስታልፍ አሁን እግሯን በኃይል እየረገጠች ትሄዳለች፤ እባብ የውጭ ጆሮ ባይኖረውም የመሬትን መናወጥ በመንጋጋው አጥንት በኩል እንደሚሰማ ነግሬያት ነበርና።