ስለ ዐይን ማዝ ከዋጃ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ በዋጃና በቆቦ ቆላ የዐይን ማዝ (ትራኮማ) ሕዝቡን ያሠቃያል። ሹማምንቱ ጉዳዩን የራሳቸው እንዲያደርጉት ምን እናድርግ?

መልስ፦ በ1998 ዓ.ም. የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉት የአማራ ክልል ሕፃናት ከግማሽ የሚበልጡት በማዝ መያዛቸውን ከገለጠ በኋላ፥ በ2001 ዓ.ም. በክልሉ የወባና የትራኮማ ሳምንት ተጀምሮ ዚትሮማክስ የተባለው የማዝ መድኃኒት ለሕዝብ በነጻ ሊታደል ችሏል። መድኃኒቱ ግን ከባሕር ማዶ በምጽዋት ሲመጣ፥ ማዝ እንዳይዛመት ፊት የሚታጠቡበት ውኃ በምጽዋት አይመጣምና፥ ልመናችሁን ለጤና ጽሕፈት ቤት ብቻ ሳይሆን፥ የበጀት ዘመን ሐምሌ 1 ቀን ከመግባቱ አስቀድሞ፥ ለወረዳው ምክር ቤት አቅርቡ። ስትቀርቡም ከማዝ የተነሣ ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌናቸውን የሚፍቃቸውን ሰዎች በየቀበሌው ቈጥራችሁ ያዙ፤ ፈቃዷ ከሆነ፥ ሽፋሽፍቷን በወረንጦ እየነቀለች የምትኖር አንዲት እናት ራሷ ትናገር፤ የእርሷ ቃል ከብዙ ደብዳቤ ይበልጣል። ካህናትና የመስጊድ ኢማሞችም አብረዋችሁ ይቁሙ። ከሁሉ አስቀድማችሁ፥ እንደ እኔ ፍርድ፥ የተበላሹ የውኃ ጕድጓዶች መጠገኛ፥ ቀጥሎም የዐይን ቆብ ቀዶ ጥገና የሚሠራ ነርስ ደመወዝ ጠይቁ፤ የተፈቀደውም፥ ሹም ሲለወጥ እንዳይረሳ፥ በቃለ ጉባኤ ይጻፍላችሁ።